የመን፦ ከባሕሩ ማዶ ያለው ሕዝብ

በዚህ ዓመት በኅዳር ወር የታሪክ መምህራችን ታመው ለሁለት ሳምንት ስለቀሩ የ9ኛ ክፍልን የታሪክ ክፍለ ጊዜ እኔ ሸፍኜ ነበር። ርዕሰ መምህር ክፍል ሲገባ ተማሪ እንደሚጨንቀው አውቃለሁ። ስለዚህ ፈተናም ቁጣም ይዤ እንዳልመጣሁ ነገርኳቸውና ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ «ስለ የመን ምን ታውቃላችሁ?»

መልሱ ከየአቅጣጫው መጣ። «ጦርነት!» «ሁቲዎች!» «የየመን ዓሣ!» «ጫት!» ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ግን እጇን ሳታወጣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ በዚያ በኩል ነው የሄደው» አለች። ሳቁ ቆመ።

የዚያን ዕለት ደወል እስኪደወል ድረስ ስለ የመን አስተማርኩ። አርባ ደቂቃ ግን ለሦስት ሺህ ዓመት አይበቃም፤ የጎደለውን በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ልሙላው ብዬ ተነሣሁ። አንድን አገር በዜናና በስደት መንገድ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ በውስጡ የሚኖረውን ሕዝብ ገና አላወቀውም። እኛ ደግሞ ጅቡቲ ተቀምጠን የመንን አለማወቃችን አያምርብንም። የባብ ኤል መንደብ ሰርጥ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ከተማ በጀልባ ኦቦክ ለመድረስ የምታቋርጡት ባሕር ከዚያ ይሰፋል። የሰርጡ ስም በዓረብኛ «የልቅሶ በር» ወይም «የእንባ በር» ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፈተና ላይ ከኛው አቆጣጠር ጋር እንዳትደባልቁ።

ምድሪቱ

«ዓረብ አገር» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አሸዋና ግመል ነው። የመንን በዚህ ዓይን ያየ ሰው ይሳሳታል። ከቀይ ባሕር ዳር ያለው ቲሃማ የሚባለው ሜዳ ሙቀቱና ወበቁ የእኛኑ ከተማ ይመስላል፤ ሐምሌን ጅቡቲ ያሳለፈ ሰው ቲሃማን ሳያይም ያውቀዋል። ከዚያ በስተ ምሥራቅ ግን ምድሪቱ በድንገት ወደ ላይ ትነሣለች። ዋና ከተማዋ ሰንዓ ከባሕር ጠለል በላይ 2200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ የምትለው በጥቂቱ ነው። ጀበል አን-ነቢ ሹዐይብ የሚባለው ተራራ ደግሞ ከ3600 ሜትር በላይ ሲሆን በዓረቢያ ባሕረ ገብ ምድር ሁሉ የሚበልጠው የለም። ደጋው በጸደይና በበጋቸው መጨረሻ ዝናብ ያገኛል። ገበሬው ተራራውን ከእግሩ እስከ አናቱ በድንጋይ እርከን ሸንሽኖ ማሽላ፣ ቡና፣ ወይንና ጫት ያበቅልበታል። ኮንሶን ያየ ሰው እነዚያን እርከኖች ፎቶ ላይ ሲያይ ለጊዜው ግራ ይጋባል። የጥንት ሮማውያን ይህንን አገር «የታደለችው ዓረቢያ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

በስተ ምሥራቅ ሐድረመውት የሚባል ረጅም ሸለቆ አለ። ሺባም የምትባለው ከተማ የምትገኘው እዚያ ነው። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠሩ፣ ከጭቃ ጡብ የተገነቡ፣ እስከ ሰባትና ስምንት ፎቅ የሚደርሱ ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል። ጭቃ ነው፤ ብረት የለው፣ ሲሚንቶ የለው። ምሥጢሩ ጥገናው ነው፤ ዝናብ ያጠበውን ግድግዳ ባለቤቱ በየጊዜው ካልለቀለቀው ቤቱ ይፈርሳል። ዩኔስኮ ሺባምን በ1982፣ የሰንዓን አሮጌ ከተማ ደግሞ በ1986 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የሰንዓ ቤቶች በቡናማው ጡብ ላይ በነጭ ጀሶ የተሳለ ጌጥ አላቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ሰው በኖራ ጥልፍ የጠለፋቸው ይመስላሉ።

ሳባ፣ ግድቡና ፊደሉ

የጥንቷ የመን ሀብት ዕጣንና ከርቤ ነበር። እነዚህን ሙጫዎች በግመል ጭነው ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ገበያዎች ይልኩ ነበር። በዚህ ንግድ የበለጸጉ ብዙ መንግሥታት ተነሥተዋል፤ ከሁሉ ስሙ የገነነው ሳባ ሲሆን መዲናው ማሪብ ነበረች።

ማሪብ ያለችው በበረሃው ጠርዝ ነው። ታዲያ ከተማ የሚቀልብ እህል ከየት መጣ? ከግድቡ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የተሠራው የማሪብ ግድብ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ነበረው። አሠራሩን ልብ በሉ፤ እንደ ዛሬው ግድብ ውሃ ለዓመት የሚያጠራቅም አልነበረም። ከተራራው የሚወርደውን ደራሽ ጎርፍ ለጥቂት ጊዜ አግዶ ከፍ ያደርገውና በግራና በቀኝ በተሠሩ የድንጋይ መክፈቻዎች በኩል ወደ ሁለት ሰፊ እርሻዎች ይመራዋል። ቁርአን በሱረቱ ሰበእ ስለ ሁለቱ የአትክልት ስፍራዎችና ስለ ጎርፉ የሚናገረው ይህንኑ ነው። የግድቡ ጠላት ደለል ነበር። ጎርፉ ውሃ ብቻ ሳይሆን አፈርም ያመጣል፤ እርሻው በየዘመኑ ከፍ ሲል ግድቡም አብሮ ከፍ ማለት ነበረበት። ብዙ ጊዜ ተሰብሯል፣ ብዙ ጊዜም ተጠግኗል። በመጨረሻ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲናድ የሚጠግነው መንግሥት አልነበረም።

አሁን ወደ ፊደል ልምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ብናገር ይቅር በሉኝ፣ የምወደው ክፍል ነውና። ሳባውያን 29 ተነባቢዎች የነበሩት ፊደል ይጽፉ ነበር። በክፍል ውስጥ ከፊደላቱ ጥቂቶቹን ሰሌዳ ላይ ሳልኩና ተማሪዎቹን እንዲያነቡ ጠየቅኳቸው። ሁለት እግር ያለው እንደ በር የቆመ ቅርጽ ሳልኩ፤ «በ!» አሉ። ክብ ሳልኩ፤ «ዐይኑ ዐ!» አሉ። ክቡን በመስመር ሰንጥቄ ከላይና ከታች ሳስወጣው «ቀ!» አሉ። ከክብ ሥር አንድ እግር ስጨምር «የ!»። ማንም የሳባን ቋንቋ አልተማረም፤ ግን ከ2500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ጽሑፍ በከፊል አነበቡት። ቅደም ተከተሉስ? ሊቃውንት ያገኙት የደቡብ ዓረቢያ ፊደል ተራ የሚጀምረው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። የኔታ ያስቆጠሩን ተራ መነሻው ያው ነው። በኋላ ግዕዝ የራሱን መንገድ ሄደ። ሳባውያን ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንዳንዴም በሬ እርሻ ላይ እንደሚመላለስ እየተመለሱ ይጽፉ ነበር፤ ግዕዝ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው፣ በአክሱም ዘመን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አናባቢው በፊደሉ አካል ላይ ተቀጠለና ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን የምንቆጥራቸው ሰባቱ ቤቶች ተፈጠሩ። የመን ውስጥ ያ ፊደል ከእስልምና መስፋፋት በኋላ በዓረብኛ ተተክቶ ጠፋ። ዘመዱ ዛሬ በየቀኑ የሚጻፈው በእኛ ደብተር ላይ ነው።

ትግራይ ውስጥ የሓ የሚገኘው፣ ግንቡ እስከ ዛሬ የቆመው ቤተ መቅደስ የተሠራው ለሳባውያን አምላክ ለአልመቃህ ነበር። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ «ሥልጣኔን ከየመን የተሻገሩ ሰዎች አመጡልን» የሚል ትምህርት ነበር። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች እንዲህ አይሉም። አብዛኞቹ የሚሉት፣ በዚያ ቀድሞውኑ የራሱ ኑሮና አለቆች የነበሩት የአገሬው ሕዝብ እንደነበረ፣ ከማዶ የመጡትም ነጋዴዎችና ግንበኞች ቁጥራቸው ጥቂት እንደነበረ ነው። አንዱ ለሌላው አባት ነው ከማለት ጎረቤታሞች ናቸው ማለቱ ይበልጥ ያስኬዳል።

ንግሥቲቱንም ማንሣቴ አይቀርም። እኛ ማክዳ እንላታለን፣ እነሱ ቢልቂስ ይሏታል። ክፍል ውስጥ «የማን ናት?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ወንበር እስከ መነቅነቅ ደርሶ ነበር። ስሟን የያዘ የዘመኑ የድንጋይ ጽሑፍ እስካሁን በሁለቱም አገር አልተገኘም። ክርክሩን እዚያው ላይ ዘጋሁት፤ ሁለቱም ወገን ግን አልረካም።

ካሌብ በእነሱ ዓይን

የሚቀጥለውን ታሪክ እኛ በአንድ በኩል ብቻ ነው የምናውቀው። ከሳባ በኋላ የገነነው የሒምያር መንግሥት ነው። ነገሥታቱ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአይሁድን እምነት ተቀበሉ። ዙ ኑዋስ የሚባለው ንጉሥ በ523 በናጅራን ክርስቲያኖች ላይ እልቂት ፈጸመ፤ ናጅራን ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያ ግዛት ውስጥ ናት። የአክሱሙ ንጉሥ አፄ ካሌብ በ525 ባሕሩን ተሻግሮ ዙ ኑዋስን ድል ነሣ። እስከዚህ ድረስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? አብርሃ የሚባል የካሌብ የጦር ሰው ሥልጣኑን በእጁ አስገብቶ የመንን ለራሱ ገዛ። በ548 የማሪብን ግድብ ጠግኖ ይህንኑ በሳባ ፊደል በድንጋይ ላይ አስጽፏል። በሰንዓም ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፤ ዓረቦች አል-ቀሊስ ይሉታል። በእስልምና ትውፊት በዝሆን ወደ መካ የዘመተው ሰው ይኸው አብርሃ ነው። ለየመናውያን እንግዲህ ይህ ዘመን የባዕድ አገዛዝ ዘመን ነው። ጀግናቸው ሰይፍ ኢብን ዚ የዘን ይባላል፤ በፋርስ ጦር ታግዞ ሐበሾችን ያስወጣው እርሱ ነው። ስለ ሰይፍ ከብዙ ዘመን በኋላ ግብፅ ውስጥ የተደረሰ ረጅም የጀብዱ ተረት አለ። በተረቱ ውስጥ ያለው ክፉ የሐበሻ ንጉሥ ስም ማን ይመስላችኋል? ሰይፈ አርዕድ! በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠውን የኛን ንጉሥ ስም ወስደው ስምንት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ወረወሩት። እኛ በድርሳኖቻችን የምናመሰግነውን ዘመቻ ሌላው ሕዝብ በተረቱ እንዴት እንደሚያስታውሰው ማወቅ፣ አንድ ተማሪ ከታሪክ ትምህርት ከሚያገኛቸው ጥቅሞች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስልምናና ሁለቱ ወገኖች

የመናውያን እስልምናን የተቀበሉት ነቢዩ ሙሐመድ በሕይወት ሳሉ ነው። በ897 ዘይዲ የሚባለው የሺዓ ወገን በሰሜን በሰዕዳ የኢማሞችን አገዛዝ መሠረተ፤ ይህ አገዛዝ ወጣ ገባ እያለ እስከ 1962 ዘልቋል። በቲሃማ፣ በተዒዝ፣ በዓደንና በሐድረመውት ያለው ሕዝብ ደግሞ በአብዛኛው የሻፊዒ ሱኒ ነው። ዛሬ ዜና ላይ ሁለቱ ለዘላለም ሲዋጉ የኖሩ ያስመስሉታል። እውነቱ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት አንዱ በሌላው መስጊድ ሲሰግድና ሲጋባ መኖሩ ነው።

ከገዢዎቻቸው ሁሉ ሴቶች ተማሪዎቼ እንዲያውቋት የምፈልጋት አርዋ ናት። የሱለይሂ ሥርወ መንግሥት ንግሥት ነበረች፤ መዲናዋን ከሰንዓ ወደ ጂብላ አዛውራ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1138 ድረስ ገዛች። የጁምዓ ጸሎት ላይ ስሟ ይጠራ ነበር፤ ይህ በእስልምናው ዓለም ለሴት እጅግ ብርቅ ክብር ነው። በዚያው ዘመን ዘቢድ የተባለችውን የቲሃማ ከተማ የሚገዙት ደግሞ ናጃሒዶች ነበሩ፤ እነዚህ በባርነት ከሐበሻ የመጡ ሰዎች ያቆሙት ሥርወ መንግሥት ነው። ከ1022 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተዋል።

የሐበሻ ደም ሁሉ ግን ዙፋን ላይ አልወጣም። የመን ውስጥ «ሙሐመሺን» ማለትም «የተገፉት» የሚባሉ ጥቁር የመናውያን አሉ፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «አኽዳም»፣ «አገልጋዮች» በሚል የንቀት ስም ይጠራቸዋል። በከተማ ዳር በላስቲክ ቤት ይኖራሉ፤ መንገድ ጠራጊነት የእነሱ ሥራ ተደርጎ ይታያል። ሕዝቡ የአብርሃ ወታደሮች ዘር ናቸው ይላል፤ ይህ ግን አፈ ታሪክ እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። አፈ ታሪኩ የሚያገለግለው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ውስጥም ሰው አገሩ ላይ እንግዳ ሆኖ እንዲቀር። የአንድን ሕዝብ በጎውን ስናነሣ ይህንንም መተው የለብንም። እኛም አገር ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ምን ስንል እንደኖርን ታውቃላችሁ።

ቡና፣ ሱቅና መርከብ

የቡና ተክል የተገኘው ከእኛ አገር ጫካ ነው፤ ሙግት የለውም። ቡናን እንደ መጠጥ ለዓለም ያስተዋወቀው ግን የመን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ለሌሊት ዚክር ንቁ እንዲያደርጋቸው ይጠጡት ነበር። ዓረብኛው «ቡን» ይለዋል፤ ከእኛው «ቡና» ጋር አንድ ቃል ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መርከቦች ቡና የሚጭኑት ከሞካ ወደብ ነበር፤ ዛሬ በካፌው ሁሉ «ሞካ» የሚባለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ሆላንዶች ችግኙን ጃቫ ወስደው ሲተክሉት የሞካ ዘመን አበቃ። የየመን ገበሬ ራሱ ፍሬውን ሸጦ ገለባውን ከዝንጅብል ጋር አፍልቶ ይጠጣል፤ ቂሽር ይሉታል።

እንግሊዞች በ1839 ዓደንን ያዙ። በ1869 የስዌዝ ቦይ ሲከፈት ወደቡ ተጨናነቀ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በ1880 ዓደን ደርሶ በአንድ የቡና ነጋዴ ቤት ተቀጠረና በዚያው ዓመት ወደ ሐረር ተላከ። የመናውያንም በዚሁ መንገድ ወጡ። ሐድረሚዎች እስከ ኢንዶኔዥያና ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ተበተኑ። እዚህ ከተማችን መሐል የቆመውን የሐሙዲ መስጊድ ያሠሩት ከየመን የመጡ ነጋዴ ናቸው።

ወደ ኢትዮጵያም ገቡ። የእኔ ዕድሜ ሰዎች «ዓረብ ቤት» ሲባል ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የሰፈር ሱቅ ነው፤ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ለወር ደመወዝተኛ በደብተር እየጻፈ ዱቤ የሚሰጥ። «ሱቅ» ራሱ የዓረብኛ ቃል ነው፤ «ስኳር»፣ «ሩዝ»፣ «ፎጣ»ም እንዲሁ። ውለታው የአንድ ወገን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የቋንቋ ሊቃውንት በዓረብኛ ያሉትን «ሙስሐፍ»ና «ሐዋሪዩን» የመሳሰሉ ቃላት ከግዕዝ የሄዱ ናቸው ይሏቸዋል፤ መጽሐፍና ሐዋርያ መሆናቸው ነው። ባለሱቆቹ ብዙ ጊዜ ሚስታቸውን የመን ትተው ይመጡና እዚህ ኢትዮጵያዊት ያገባሉ። ልጆቻቸው በሁለቱም አገር ግማሽ ሆነው ቀሩ። ሙሐመድ አብዱል ወሊ የሚባለው ታዋቂ የየመን ደራሲ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። ስሙን ያስጠራው ልብ ወለድ አንድ የስድስት ኪሎ ባለሱቅን ይተርካል። ሰውየው የመን ውስጥ ቤት እያሠራ፣ ገንዘብ እየላከ፣ አንድ ቀን እመለሳለሁ እያለ ይኖራል። መጽሐፉን ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ነው። ዱባይና ቤይሩት ሆነው አዲስ አበባ ቤት የሚያሠሩ ዘመዶቼን እያሰብኩ ነበር የጨረስኩት።

ሁለት የመኖች፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ጦርነት

ይህን ክፍል አሳጥራለሁ፤ ዝርዝሩ መማሪያ መጽሐፋችሁ ላይ አለ። ሰሜኑ ኦቶማኖች በ1918 ከወጡ በኋላ በኢማሞች እጅ ሆኖ ለዓለም ዝግ ሆኖ ቆየ። መስከረም 26 ቀን 1962 መኮንኖች ንጉሣዊውን አገዛዝ ገለበጡ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት በዚያን ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነበር። ደቡቡ ኅዳር 30 ቀን 1967 ከእንግሊዝ ነፃ ወጥቶ በዓረቡ ዓለም ብቸኛው የማርክሲስት መንግሥት ሆነ፤ በ1977 እና 1978 በኦጋዴን ጦርነት ወታደር ልኮ ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፏል። ሁለቱ ግንቦት 22 ቀን 1990 ተዋሐዱ፤ በ1994 ተዋጉ። በ2011 ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ የዚያ ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ከተሰጣቸው ሴቶች አንዷ የመናዊቷ ተወኩል ከርማን ናት። በመስከረም 2014 ሁቲዎች ሰንዓን ያዙ፤ በመጋቢት 2015 በሳዑዲ ዓረቢያ የሚመራው ጥምር ጦር የአየር ድብደባ ጀመረ።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ የሞተውን ሰው ወደ 377,000 ገምቶታል። ከእነዚህ 60 በመቶ ያህሉ የሞቱት በጥይትና በቦምብ ሳይሆን በረሃብ፣ በበሽታና በሕክምና እጦት ነው። እኔ በሙያዬ የማልረሳው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ከ2016 ጀምሮ 170,000 ያህል የየመን መምህራን፣ ማለትም ከሁሉም መምህራን ሁለት ሦስተኛው፣ ደመወዛቸውን በወጉ አላገኙም። ብዙዎቹ ግን ማስተማራቸውን ቀጠሉ። እዚህ ቢሮዬ ተቀምጬ የጠመኔ ወጪ ሲያማርረኝ እነሱን አስባለሁ፤ እኔ ብሆን ስንት ወር እንደምቆይ አላውቅም።

ባሕሩ በሁለቱም በኩል

ጦርነቱ ሲጀመር፣ በ2015፣ የመናውያን በጀልባ ወደዚህ መጡ። ኦቦክ አጠገብ ማርካዚ የሚባል የስደተኞች ጣቢያ ተከፈተላቸው። በዚያው የባሕር ዳር፣ በዚያው ሰሞን፣ የእኛ ልጆች ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌና ከአርሲ በእግራቸው ተጉዘው ወደ የመን ለመሻገር ደላላ ይጠብቁ ነበር። አንዱ ከሚሸሽበት አገር ሌላው ሊገባ! ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰው ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን መግባቱን መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የሚፈልጉት የመንን አይደለም፤ አልፈው ሳዑዲ መድረስ ነው። በመንገዱ ላይ አጋቾች አሉ፣ የጦር ግንባር አለ፣ እስር ቤት አለ። በመጋቢት 2021 ሰንዓ ውስጥ ስደተኞች የታጎሩበት ቤት በእሳት ሲጋይ ከሞቱት ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ነበሩ። በሌላ በኩል፣ ከዚያ የተመለሱ ልጆች ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ውሃና ዳቦ ሰጥታ ያሳደረቻቸው፣ ራሷ የምትበላው የሌላት የመናዊት እናትም አለች።

ክፍል ውስጥ ስለ ወንድሟ የተናገረችው ተማሪ ከትምህርት በኋላ ቢሮዬ መጥታ ካርታው ላይ መንገዱን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። አሳየኋት፤ ኦቦክ፣ ባሕሩ፣ የላሕጅ ጠረፍ፣ ዓደን፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ተራራው። እርሷ በጣቷ ደጋግማ የተከተለችው ተራራውን ነው። «እዚህ ብርድ አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት፤ ማሽላና ቡና የሚበቅልበት ደጋ ነው።

ለክረምቱ ዕረፍት የሚከተለውን ሥራ ሰጥቻለሁ፤ በመስከረም እቀበላለሁ።

1. የሳባን ፊደላት ከቤተ መጻሕፍታችን ፈልጋችሁ ስማችሁን ጻፉበት። አናባቢ የሌለው መሆኑን አትርሱ፤ ስማችሁ ያጥራል።

2. በሰፈራችሁ ያሉ አንድ የየመን ባለሱቅ ወይም ዓሣ ቤት ያላቸው አባት ጋ ሄዳችሁ፣ ሰላምታ አቅርባችሁ፣ ከየትኛው ከተማ እንደመጡና እዚያ ምን እንደሚናፍቁ ጠይቁ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አትሂዱ። የሰጧችሁን መልስ በአንድ ገጽ ጻፉ።

3. ከቤተሰባችሁ ባሕሩን የተሻገረ ሰው ካለ፣ ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ ስለ እርሱ የምታውቁትን ጻፉ። ይህን የማይፈልግ ተማሪ አይገደድም፤ የጻፈም ቢሆን ወረቀቱን ለእኔ ብቻ ይሰጠኛል፤ ክፍል ውስጥ አይነበብም።